በምድርና በጨረቃ መካከል ያለው በር

ጥቅምት 7

ይህን ደብተር የገዛሁት የተማሪ ውጤት ልመዘግብበት ነበር። ገጹ ሰፋ ያለ ስለሆነ ለራሴ አስቀረሁት። በእኛ ጊዜ የደብተር መስመር ደማቅ ሰማያዊ ነበር። የዘንድሮው ፋብሪካ ቀለም ቆጥቦ፣ መስመር አለ ተብሎ ካልተማለልህ በቀር አታየውም።

ዛሬ ሐኪም ቤት ሄድኩ። መነጽሬን ላስቀይር ነበር የሄድኩት። አንዲት ልጅ እግር ሐኪም አገጬን ብረት ላይ አስደግፋ፣ ዓይኔ ውስጥ እያበራች ብዙ ቆየችና "ጋሼ፣ ችግሩ የመነጽር አይደለም። የዓይንዎ ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን ጎድቶታል" አለችኝ።

"ይድናል?" አልኳት።

"የሄደው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ጠብታ ያደርጋሉ፤ ጠዋትና ማታ፣ ሳያቋርጡ። በሚቀጥለው ደግሞ ቤተሰብ ይዘው ይምጡ።"

ቤተሰብ! ባለቤቴ ሸዋረግ ካረፈች አምስት ዓመቷ። ያለችኝ አብራኝ የምትኖር አንድ ልጄ የትነበርሽ ናት፤ እሷም የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናትና የሰው ልጅ ስታባብል ነው የምትውለው። በዚያ ላይ ደግሞ እኔን? አልነግራትም። ለማንም ትንፍሽ አልልም። የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ከተሰማ የትምህርት ክፍሉ ኮርሴን በማግስቱ ለሰውአገኝ ይሰጠዋል። ሰውአገኝ የገዛ ተማሪዬ ነበር፤ አሁን ረዳት ሆኖ ተመድቦልኛል። መጨረሻ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ውርስ እንደሚጠብቅ የወንድም ልጅ ያየኛል።

የምፈልገው ይህን ሴሚስተር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጡረታዬ ነው። የስበትን ምዕራፍ እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጄ አስተምሬ ልውጣ። ዓይኔ እስከዚያ ቢታገሰኝ ሌላ ምንም አልለምንም።

ጥቅምት 15

በፊዚክስ ክፍሌ የስበት ፖቴንሻልን ጀመርኩ። ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነው የምከፍተው፤ ዘንድሮም አልቀየርኩትም። "በምድርና በጨረቃ መካከል፣ የሁለቱ ስበት እኩል በሚሆንበት ቦታ ላይ አንድ ድንጋይ ብታስቀምጡ የማን ነው?"

ከፊት የምትቀመጠው ስንዱ፣ ከሳንጃ የመጣች ደፋር ልጅ፣ "የማንም አይደለም መምህር! ነፃ ነው። ፖቴንሻሉም ዜሮ ነው" አለች።

ሸጋ ስሕተት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ይህን ስሕተት ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ የሚሳሳትልኝ ካጣሁ ማስተማሩም አይጥመኝ። ስበት አቅጣጫ አለው። ምድር ወዲህ፣ ጨረቃ ወዲያ ሲጎትቱ ይጠፋፋል። ፖቴንሻል ግን ጥልቀት ነው፤ አቅጣጫ የለውም። ምድር በዙሪያዋ ጉድጓድ ቆፍራለች፣ ጨረቃም የራሷን ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራለች። ሁለቱ ሲገናኙ ጥልቀታቸው ይደመራል እንጂ አንዱ የሌላውን አይሞላም። ማንም በማይጎትትህ ቦታ ቆመህም ከጉድጓዱ አልወጣህም።

ይህን ለሸዋረግ የነገርኳት ቀን ትዝ አለኝ። ገና እጮኛሞች ነበርን። እሷም የሳንጃ ልጅ ናት፤ ቆላ ያደገች፣ የጎንደርን ብርድ አልለመደችውም። ቀሐ፣ ከፋሲል መዋኛ ግንብ አጠገብ አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበን ተቀምጠናል። ጨረቃ ሙሉ ነበረች። እኔ ጉድ የማሳያት መስሎኝ በእንጨት መሬት ላይ ቀመር እጭራለሁ። አስጨርሳኝ ስታበቃ "እና እኔ አሁን ከሳንጃም አልወጣሁም፣ ጎንደርም ገብቻለሁ፤ ሁለቱም ጉድጓድ ውስጥ ነኝ በለኛ!" ብላ ሳቀች። ፈተና ቢሆን መቶ ከመቶ እሰጣት ነበር።

ጥቅምት 26

ጠብታው ያቃጥላል። ትናንት ረሳሁት፤ ዛሬ ደጋግሜ አደረግሁት፣ ይካካሳል። ኮቴ ኪስ ውስጥ የደበቅኩት መስሎኝ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ግን ሻዬ አጠገብ ነው የማገኘው። እርጅና እንግዲህ ይኸው ነው።

የማራኪ ታክሲ በር ዝቅ ብሎ መሠራት ጀምሯል መሰለኝ፣ ግንባሬን ገጨሁ። የታክሲው ረዳት "አባቴ፣ ቀስ!" ይለኛል። ቀስ በል ብሎ ሹፌሩን አይመክርም!

ኅዳር 2

ሻይ ልጠጣ ወደ መምህራን ክበብ ስገባ ከበሩ ወዲያ ስሜን ሰማሁ።

"ጋሽ ፋንታሁን እኮ በጻፈው ላይ ደግሞ ነው የሚጽፈው። ልጆቹ ምኑን ይገልብጡ?"

ሳቅ። ከዚያ የሰውአገኝ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። የሚለው አይጠፋኝም። ሻዩን ትቼ ተመለስኩ።

በጻፍኩት ላይ እጽፋለሁ? ሰሌዳው አርጅቷል። የጠፋው ጽሑፍ ከሥር ይቀራል፤ እሱን አይተው ነው። ጠመኔውም ጠመኔ አይደል፣ አመድ ነው።

ኅዳር 9

ራሴን አዋረድኩ።

የምድርንና የጨረቃን ፖቴንሻል ሰሌዳ ላይ እየደመርኩ ነበር። የጨረቃን ርቀት ከመጽሐፉ አይቼ ጻፍኩና ስሌቱን ቀጠልኩ። ስንዱ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ርቀቱ ሦስት ነጥብ ስምንት አራት አይደለም? እርስዎ ስምንት ነጥብ ስምንት አራት ነው የጻፉት።"

"ቁጭ በይ!" አልኳት። "መጽሐፍ ይዤ ነው የማስተምረው፤ ከራሴ አላመጣሁም!"

መጽሐፉን አነሳሁ። ስምንት ነው። ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። ሦስት ነው። ጨረቃን ከእጥፍ በላይ አርቄ ሰቅያት፣ እዚያው ላይ ሆኜ የሰው ልጅ እቆጣለሁ።

ያኔ ሰውአገኝ ከኋላ "መምህር፣ የእትሙ ችግር ነው። የኔም ላይ ሦስቱ ስምንት ይመስላል" አለ።

"ይኸው!" አልኩ። "የእትሙ ችግር ነው።" ልጆቹም ተቀበሉኝ እንጂ አልሳቁም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰውአገኝ መጽሐፍ አልያዘም ነበር። ስንዱንም ያለ ጥፋቷ አሳፈርኳት። ምን ዓይነት ሰው ነው የሆንኩት?

ኅዳር 12፣ ማታ

የትነበርሽ ጫፉ ወፍራም የሆነ ጥቁር እስክሪብቶ ገዝታልኝ መጣች። "ይህን የሚያህል ለምን?" ብላት "ሱቁ ውስጥ ሌላ አጣሁ" አለች። ወንበሮቹንም ግድግዳ አስጠግታ ደረደረቻቸው፤ ቤቱ ሰፋ። የዘንድሮ ልጆች ዕቃ ቦታ ቦታውን ማስያዝ ይችላሉ፣ ለዚህስ ይመስገኑ።

ለልጆቹ የምሰጠውን ጥያቄ ስሠራ አመሸሁ። ማራኪ ላይ ለቆመ ሰው የምድር፣ የጨረቃና የፀሐይ ፖቴንሻል ምን ያህል ነው? ሁሉም ከዜሮ በታች ነው፣ ሁሉም ጥልቀት ነው። ምድር ስልሳ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ጁል በኪሎ። ጨረቃ አሥራ ሦስት ሺህ እንኳ አትሞላም፤ ያን ሁሉ አዝማሪ ስለ ራሷ አዘፍና! ፀሐይ ግን ስምንት መቶ ሰማንያ ሰባት ሚሊዮን። የምድርን አሥራ አራት እጥፍ።

ይህን ቁጥር ባገኘሁት ቁጥር ይደንቀኛል። ምድር እግራችን ሥር ናት፤ ስንሰናከል የምንወድቀው እሷ ላይ ነው፤ ስለዚህ የያዘችን እሷ ብቻ ትመስለናለች። ፀሐይ መጎተቷንም አናውቅ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ጥልቀቱ ግን ወደ ግማሽ ብቻ። የሩቅ ነገር መጎተቱን ቶሎ ይተዋል፣ ጥልቀቱን ግን አይተውም።

ሸዋረግ ናፈቀችኝ። በመጀመሪያው ዓመት በየበሩ ትጎትተኝ ነበር፤ ነጠላዋን ሳይ፣ ጫማዋን ሳይ። አሁን እንደዚያ አይደለም፤ በልቼ አድራለሁ፣ እስቃለሁ፣ ከባጃጅ ሾፌር ጋር እጣላለሁ። ጥልቀቱ ግን ያው ነው። እንደዚህ ብዬ ለልጆቹ ባስተምር "ጋሼ አረጁ" ይሉኛል።

ኅዳር 20

ሰሌዳው ካረጀ እኔ ለምን በሰሌዳ እጨቃጨቃለሁ? ይህን ብዬ ተነሳሁና ወለቃ ሄድኩ፣ ሸክላ ሠሪዋ አየለች ጋ። አየለች የሸዋረግ ወዳጅ ነበረች። ሙያውን የተማረችው ወደ እስራኤል ከሄዱት የመንደሯ እናቶች ነው፤ ዛሬም የነሱን ስም ሳታነሳ አትውልም።

"ሰፊ ገበታ ሥሪልኝ። ሁለት ጉድጓድ ያለው፤ አንዱ ትልቅ ጥልቅ፣ አንዱ ትንሽ።"

"ምነው አያ ፋንታሁን፣ ገበጣ መጫወት አማረዎ?"

"ገበጣ አይደለም። ትልቁ ምድር ነው፣ ትንሹ ጨረቃ።"

እጇን ከጭቃው አወጣች። "ታዲያ ምን ይቀመጥበታል?"

"ምንም።"

"ባዶውን?"

"ባዶውን።"

"እነዚያ ያስተማሩኝ እናቶች ይህን ቢሰሙ ከእስራኤል ተመልሰው በመጡ!" ብላ ሳቀች። በወረቀት ስዬ ሄጄ ነበር፣ አሳየኋት። በሁለቱ ጉድጓድ መካከል ያለውን ጠርዝ እንደ ቢላ ስለት አቅጥኚው አልኳት። "ይሰነጠቃል" አለች። "አንቺ የምልሽን ሥሪ" አልኩ። መምህር ነኛ።

ታኅሣሥ 4

ተሰነጠቀ። ሲተኮስ፣ ልክ በመሃሉ፣ ሁለቱ ጉድጓዶች በሚገናኙበት ላይ። አየለች "አላልኩም?" አላለችም፤ ስባሪውን ብቻ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ይህ ይበልጥ አቃጠለኝ።

"ወረቀቱን ይተዉትና በእጅዎ ያሳዩኝ" አለችና እርጥብ ሸክላ አቀረበችልኝ። እሷ ስትሠራ ቆሜ አይቻለሁ። አውራ ጣቷ ከውስጥ፣ ሌሎቹ ጣቶቿ ከውጭ ሆነው ውፍረቱን እየለኩ ይዞራሉ፤ ዓይኗ ጎረቤቷ ላይ ነው፤ የሰው ሠርግ ታወራለች። ሸክላውን አንድ ጊዜ አላየችውም። የመንደሩ ሴቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ጠየቅኳት፤ "ዓይንማ ከላይ ያለውን ነው የሚያየው፣ ውፍረቱን እንዴት ያውቀዋል?" አለችኝ።

እኔም እጄን አስገባሁ። ሳላስበው ዓይኔን ጨፍኛለሁ። በሁለቱ ጉድጓድ መካከል የበቅሎ ኮርቻ ሠራሁ፤ በግራና በቀኝ ወደ ጉድጓዶቹ ይወርዳል፣ በፊትና በኋላ ወደ ላይ ይወጣል። ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ለመሻገር ዝቅተኛው መንገድ ይኸው ነው። እኛ ተራራ አገር ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለውን ቦታ በር እንለዋለን። ሠላሳ ዓመት በጠመኔ ስስለው የኖርኩትን በር ዛሬ በጣቴ ነካሁት።

"አሁን ገባኝ" አለች አየለች። "ወፍራም ይሁን?"

"ወፍራም ይሁን።"

ታኅሣሥ 6

መብራት ከሄደ ሰነበተ፤ ከተማው ድቅድቅ ያለ ነው። ከየትነበርሽ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጨረቃ ወጣች፣ ሙሉ። "ከብባለች" አልኳት፤ "ቀለበቷ እንዴት ይሰፋል!"

"የታለ?" አለች።

"ዙሪያዋን ነዋ!"

ጨረቃዋን ትታ ፊቴን አየች። ቆይታ "አዎ፣ አየሁት" አለች።

ከዋክብቱ ግን ምን ነካቸው? ልጅ ሆኜ ዳባት፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው አውድማ ላይ ተንጋልዬ ሳይ ሰማዩ ጤፍ የተበተነበት ነበር። አሁን እዚህና እዚያ አንዳንድ ነው። የከተማው መብራት አጠፋቸው።

ታኅሣሥ 13

ደባርቅ ድረስ ደርሼ መጣሁ። መንገዱ ሰሞኑን ሰላም ነው አሉ፣ ተነሳሁ። ምንም ጉዳይ የለኝም፣ ዝም ብዬ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ካልተቀመጥኩ ብዬ ከአንድ ወጣት ጋር ተጨቃጨቅኩ፤ ለቀቀልኝ። ዳባት ላይ የአባቴ ማሳ የነበረውን አየሁት፤ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ከደባርቅ በባጃጅ ሊማሊሞ አፋፍ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ገደሉ፣ ጭጋጉ፣ ከሥር ጭረት የመሰለው ጠመዝማዛ መንገድ። አንገቴን ቀስ አድርጌ እያዞርኩ ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ እንደ ድሮው በአንድ ጊዜ አይገባም፣ ሰፍቷል መሰለኝ።

ባጃጅ ነጂው "አባባ፣ የጠፋብዎ ነገር አለ?" አለኝ።

"የለም። ልሸመድደው ነው" አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩት አላውቅም።

ጥር 3

ገበታው ደረሰ። ሸጋ ሆኗል። በሩ አልተሰነጠቀም። አልጋ ሥር ደበቅኩት።

ሰሌዳ ላይ ከጻፍኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። "እናንተ ውጡና ሥሩ" እላቸዋለሁ፤ "አዲስ የማስተማር ዘዴ ነው።" ሰውአገኝ ቁጥሩን እየጠራ ያነባል። ሳልጠይቀው ነው የጀመረው። ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

ጥር 12

ትናንት ማታ በሻማ ረጅም ጽፌያለሁ፣ ስለ ጥምቀት። አልደግመውም። ዓይኔ ደክሞታል።

ጥር 20

ዛሬ ምዕራፉን ዘጋሁት።

ገበታውን ሰውአገኝ ተሸክሞልኝ ገባ። ሰሌዳውን ዞር ብዬም አላየሁት። ልጆቹን "ዓይናችሁን ጨፍኑ" አልኳቸው፤ ሳቁ፣ ጨፈኑ። በየተራ እየመጡ እጃቸውን አስገቡ። "ትልቁ የምድር ነው። ትንሹ የጨረቃ። የገበታው ዳር ዳር፣ ከፍ ያለው፣ ዜሮ ነው፤ ከሁሉም የራቀ ቦታ። አሁን በሩን ፈልጉልኝ።"

ስንዱ ጣቷን ከትልቁ ጉድጓድ ወለል አንስታ እየጎተተች ወጣች። አንዲት የሽምብራ ፍሬ ሰጠኋት። "አስቀምጫት።" በሩ ላይ አስቀመጠቻት። ፍሬዋ ቆመች።

"ወዴት ትሄዳለች?"

"ወዴትም መምህር። ማንም አልጎተታትም።"

"ከዳሩስ እኩል ናት?"

በሌላ እጇ የገበታውን ዳር ዳሰሰች። "አይ... ዝቅ ብላለች። አልወጣችም! መምህር፣ ቆማም ውስጥ ናት!"

"እንዲያውም ወደ ጨረቃው በጣም ቀርቤያለሁ" ብላ ጨመረች። ከመንገዱ ዘጠኝ አሥረኛው ላይ ነው አልኳት፤ ምድር ትልቅ ናትና በሩን ገፍታዋለች። ከዚያ፣ በዚያች በስሕተቴ ቀን ስለተቆጣኋት፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ደግሞ ምን እንደምትሆን ጠፍቷት ሽምብራዋን በላቻት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ፀሐይስ የት አለች?" አለ አንዱ።

ይህን ነበር የምጠብቀው። የምድር ጉድጓድ አንድ ስንዝር ከሆነ ፀሐይ አሥራ አራት ስንዝር ናት፤ ገበታው ውስጥ አትገባም። "ገበታውን ያዙና ተከተሉኝ" አልኩና ከሁለተኛው ፎቅ ደረጃውን ይዘን ወደ ግቢው ወረድን። ታች ስንደርስ ሣሩ ላይ አስቀመጡት። "አሁን ምድርም፣ ጨረቃም፣ በሩም፣ እናንተም ስንት ወረዳችሁ?" ቀና ብለው ወደ ፎቁ አዩ። "በመውረዳችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው ራቃችሁ? አልራቃችሁም። አብራችሁ ነው የወረዳችሁ። ፀሐይ እንዲህ ናት። አብሮ የሚወርድ ሰው መውረዱ አይታወቀውም።"

አጨበጨቡ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ደረጃውን ስንወርድ የመጨረሻውን እርከን አላየሁትም። እግሬ አየር ረገጠ። ከጎኔ የነበረ እጅ ክርኔን ያዘኝ፤ ሰውአገኝ ነው። ከዚያም አልለቀቀኝም። ድሮ ቢሆን እጄን መንጭቄ በወሰድኩ። ዛሬ ተውኩት።

"ክበብ ውስጥ ያን ቀን ምን ብለህ ነው?" አልኩት በጆሮው።

የቱን ቀን እንደሆነ አልጠየቀኝም። "እኔ ዛሬም የምጽፈው እሳቸው ከጻፉት ላይ ነው አልኳቸው" አለኝ።

ይህን ሁሉ ወር የሰው ልጅ ስጠረጥር የኖርኩት! እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የካቲት 2

ይህን የምትጽፈው የትነበርሽ ናት። የምናገረው እኔ ነኝ። እጇ ከእኔ እጅ ያምራል፤ ይህን አትጻፊ ስላት ጻፈችው።

ትናንት ነገርኳት። ሻይ አቅርባ፣ ጠብታውን አጠገቡ አስቀምጣ ስትቀመጥ "ልጄ፣ ዓይኔ" ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ አባዬ" አለች።

"ከመቼ?"

"ከጥቅምት። ጠብታውን ከኮትህ ኪስ የማወጣው እኔ ነኝ እኮ።"

"የጨረቃዋስ ቀለበት?"

"ቀለበት አልነበረም።"

ከዚያ ተቆጣኋት፤ እንዴት ትደብቂኛለሽ ብዬ! እኔ ነኝ ይህን የምለው። ሳቀች፤ ሳቋ የእናቷ ነው። ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን። የቀረው ይቆያል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ካልቆየም አልቆየም። ምዕራፉን ጨርሻለሁ።

ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበበችልኝ፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ሳቀች፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ውኃ ልጠጣ ብላ ተነሳች። ጥር ወር ላይ ስትደርስ ቆመች። "አባዬ፣ የጥምቀቱ ገጽ አይነበብም። ከተራንና ጥምቀትን አንዱን በአንዱ ላይ ነው የጻፍካቸው። ገጹን አልገለጥከውም።"

ሰዎቹ ታዲያ እውነታቸውን ነበር። በጻፍኩት ላይ እጽፋለሁ።

"ምን ብለህ ነበር? ንገረኝ፣ እጽፈዋለሁ" አለች።

እንግዲያው ጻፊ። የጥምቀት ዕለት ቀሐ ሄድን፣ አንቺና እኔ። ሰው ሁሉ ወደ ውኃው ያያል፤ ታቦቱን፣ ካህናቱን፣ ከግንቡ ላይ የሚዘሉትን ጎረምሶች። እኔ ያን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔን ብጨፍንም አይጠፋኝም። ያልሸመደድኩት አንቺን ነበር። ሁልጊዜ እዚሁ ነሻ፤ እግሬ ሥር ያለውን ማን አስተውሎ ያያል? ስለዚህ ያን ቀን ሙሉ አንቺን ሳይ ዋልኩ። በአንድ ጊዜ አትገቢልኝም፤ ቀስ እያልኩ፣ ከግንባርሽ ጀምሬ። ቅንድብሽ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ በልጅነትሽ ከዚያው ግንብ የወደቅሽ ጊዜ የቀረች። ስትስቂ ቀድሞ የሚሠረጉደው የግራ ጉንጭሽ። ጠበሉ ሲረጭ ዓይንሽን ጨፍነሽ ፊትሽን ወደ ላይ አነሳሽ፤ ውኃው በአገጭሽ ይወርዳል፣ አላበስሽውም። ያኔ ነው ጠግቤ ያየሁሽ። እንዳትነቂብኝ ፈርቼ ወደ ውኃው ዞርኩ።

የጻፍኩት ይኸው ነበር።

የእስክሪብቶው ድምፅ ቆመ። "ምነው?" አልኳት።

"እየጻፍኩ ነው አባዬ" አለችኝ።

እየጻፈች አልነበረም። ጠበቅኳት።